ተፈጥሯዊ ወይስ ሰው ሠራሽ? ስኳራቸው በተቀነሰ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ ስላሉ ማጣፈጫዎች

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የምግብ ኬሚስትሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ስለ ማጣፈጫዎች የሚሰጠው ትምህርት ሲያበቃ ከተማሪዎች የሚነሳልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዶክተር፣ ታዲያ ከተፈጥሯዊውና ከሰው ሠራሹ የትኛው ይሻላል?» ጥያቄው ቅን ነው። ነገር ግን በዚህ መልኩ እስከቀረበ ድረስ መልስ የለውም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። «ተፈጥሯዊ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚሉት ቃላት አንድ ነገር ከየት እንደመጣ በጥቂቱ ይነግሩናል፤ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግሩንም። በእነርሱ ፈንታ አራት ጥያቄዎች ሊተኩ ይገባል፤ የማጣፈጫው ስም ማን ነው? መጠኑ ስንት ነው? ጠጪው ማን ነው? የገባውስ በምን ምትክ ነው?

ከመጀመሬ በፊት ስለ አንድ ቃል ላሳስብ። «ማጣፈጫ» የሚለውን ቃል በወጥ ቤት ለቅመማ ቅመምም እንጠቀምበታለን። በዚህ ገለጻ ግን ከስኳር ውጭ ሆኖ ጣፋጭነት ለመስጠት ወደ መጠጥ የሚጨመርን ነገር ብቻ ያመለክታል።

ከማር ወደ ስኳር፣ ከስኳር ወደ «ዜሮ»

የምንኖርበት ምድር የጣፋጭ ነገር ታሪክ ረጅም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ በግብር አዳራሽ የሚታወቀው ጣፋጭ ማር ነበር። ማሩ በጌሾ ተጥሎ ሲፈላ ጠጅ ይሆናል፤ ሳይፈላ በውኃ ተበርዞ ሲጠጣ ደግሞ ብርዝ ይባላል። የደጋው ገበሬ መጠጥ ግን ከገብስ የሚጠመቀው ጠላ ነበር። በጠላ ውስጥ ብቅሉ ከስታርች ያወጣውን ስኳር እርሾው አብዛኛውን ስለሚበላው መጠጡ አይጣፍጥም። ስለዚህ ለብዙው ሰው ጣፋጭ መጠጥ የዕለት ነገር አልነበረም።

ይህን የለወጠው ፋብሪካ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ጀመረ። ሸዋ፣ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉ። ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በቡልጋና በምንጃር መካከል አልፎ የሚወርደው የከሰም ወንዝ እንኳ በአፋር ምድር ለከሰም ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ አገዳ ማጠጫ ሆኗል። ማርም ሆነ ስኳር ለበዓልና ለእንግዳ የሚወጣ ነገር ከመሆን አልፎ፣ በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስኳር በየሱቁ በጠርሙስ የሚሸጥ ሆነ።

በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን መጠን እንመልከት። መደበኛው የኮላ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 እስከ 11 ግራም ስኳር ይይዛል። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሰላ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ከምንጨምረው ስኳር፣ ከማር፣ ከሽሮፕና ከፍራፍሬ ጭማቂ የምናገኘው ጉልበት በቀን ከምናገኘው አጠቃላይ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም፣ 5 በመቶው 25 ግራም ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን ሁለተኛውን ወሰን ታልፋለች።

«ስኳር አልባ»፣ «ዜሮ» ወይም «ላይት» የሚባሉት መጠጦች የተፈጠሩት ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ነው። ስኳሩ ይወጣል፤ በምትኩ ከስኳር እጅግ የበለጠ ጣፋጭ የሆነ ነገር በሚሊ ግራም ተመዝኖ ይገባል። በተግባር ማየት የሚፈልግ ተማሪ ሁለት የታሸጉ ጣሳዎችን፣ አንድ መደበኛና አንድ ስኳር አልባ፣ በውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይጣል። መደበኛው ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል፤ ሌላው ይንሳፈፋል። ልዩነቱ የሟሟው ስኳር ክብደት ነው።

ቃሉ ምን ይነግረናል?

«ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል በአእምሯችን ውስጥ «አይጎዳም» የሚል ትርጉም አብሮ ይገባል። የሸዋ ሰው ግን ይህን ለማመን የሚቸገርበት በቂ ምክንያት አለው። ጓያ ተፈጥሯዊ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ድርቅን ተቋቁሞ ይበቅላል፤ ክፉ ቀንም ያሻግራል። ዳሩ ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል። ማንም ፋብሪካ አልጨመረበትም። ኮሶም እንዲሁ ከዛፍ የሚገኝ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን የሚያደርሰውን ጉዳት አባቶቻችን ራሳቸው ያውቁት ነበር።

በተቃራኒው አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ውሰዱ። አዮዲኑን የሚጨምረው ሰው ነው፤ የሚጨመረውም በማምረቻ ውስጥ ነው። በደጋው አገራችን እንቅርትን የሚከላከለው ግን ይኸው «የተነካካ» ጨው እንጂ ከምድር እንደወጣ ያለው አይደለም። እንግዲህ ከተፈጥሮ የመጣው የሚጎዳበት፣ በሰው እጅ የተጨመረው የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ወደ ማጣፈጫዎቹ ስንመጣ ደግሞ ድንበሩ ራሱ ይደበዝዛል። ስቴቪያ በፓራጓይና በብራዚል የሚኖሩ የጓራኒ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ለማጣፈጫ የሚጠቀሙባት ቅጠል ናት። በአገራችንም በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ተተክላ ተጠንታለች። ይሁን እንጂ ወደ ለስላሳ መጠጥ የሚገባው ቅጠሉ አይደለም። ቅጠሉ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ ልዩ ልዩ ውህዶችን በሚለይ ሬዚን ውስጥ ያልፋል፤ በአልኮል ይታጠባል፤ በመጨረሻ ስቴቪዮል ግላይኮሳይድ የሚባሉ ነጭ ዱቄቶች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል በጣዕሙ ለስኳር ይበልጥ የሚቀርበው ሬባውዲዮሳይድ ኤም በቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ፣ ዛሬ በኢንዛይም ወይም በተለወጠ እርሾ አማካይነት በፋብሪካ ይመረታል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?

ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ሱክራሎዝ የሚሠራው ከስኳር ነው፤ በስኳሩ ሞለኪውል ላይ ሦስት የክሎሪን አተሞች ይተካሉ። አስፓርቴም የሚሠራው አስፓርቲክ አሲድና ፊኒልአላኒን ከሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ሁለቱም በወተት፣ በእንቁላልና በምስር ውስጥ አሉ። ሰውነታችንም ሲፈጨው ወደ እነዚሁ አሚኖ አሲዶችና ወደ ጥቂት ሜታኖል ይበትነዋል። ሳካሪን ግን ከምግብ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የተገኘው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ላይ ከሚደረግ ምርምር ነው። ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ረጅም ጊዜ የተጠናውም እርሱ ነው።

የክስና የፍርድ ታሪክ

ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በአይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ በነበረው በኮንስታንቲን ፋልበርግ ተገኘ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስኳር ሲጠፋ ተስፋፋ። ሳይክላሜት እ.ኤ.አ. በ1937፣ አስፓርቴም በ1965፣ አሲሰልፌም ፖታሲየም በ1967፣ ሱክራሎዝ በ1976 ተከተሉት። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈልጉ በነበሩ ተመራማሪዎች ነው።

ሁሉም ተከሰዋል። አሜሪካ ሳይክላሜትን እ.ኤ.አ. በ1969 አገደች፤ በአውሮፓ ግን ዛሬም ይፈቀዳል። ሳካሪን በ1970ዎቹ በአይጦች ፊኛ ላይ ዕጢ እንዳስከተለ ታይቶ ስሙ ጠፋ። በኋላ ክስተቱ የአይጥ ሽንት ካለው ልዩ ጠባይ ጋር የተያያዘ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ወጣ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ተራው የአስፓርቴም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» በሚለው ምድብ አስገባው። በዚያው ቀን የምግብ ጭማሪዎችን የሚመረምረው ሌላው የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ ቀድሞ የተፈቀደውን የቀን መጠን የሚያስቀይር ምክንያት አላገኘሁም አለ።

ብዙ ሰዎች እነዚህ ሁለት መግለጫዎች ይጋጫሉ ብለው አስበዋል። አይጋጩም። የመጀመሪያው የሚመዝነው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው በተለመደው አወሳሰድ ምን ያህል አደጋ እንዳለ ነው። በዚያው ምድብ ውስጥ ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም እንደሚገኝ ብነግራችሁ፣ ምድቡ ተፈጥሯዊውን ከሰው ሠራሹ እንደማይለይ ትረዳላችሁ።

ተፈጥሯዊ ከሚባሉት ወገንም ከክስ ያመለጠ የለም። ኤሪትሪቶል በፍራፍሬ ውስጥ ያለ፣ በእርሾ ፍላት የሚመረት፣ ብዙ ጊዜ ከስቴቪያ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥ ማጣፈጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለ ኤሪትሪቶል በተገኘባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና የአንጎል ምት በብዛት መታየቱን ዘገበ። ሰውነት ራሱ ኤሪትሪቶልን ስለሚሠራ ምክንያትና ውጤቱ ገና አልተለየም። ቢሆንም «ተፈጥሯዊ» የሚለው ስም ከምርመራ ነፃ እንደማያደርግ ያሳያል።

መጠን፦ በወረቀት ላይ የሚሰላ ነገር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ መጠን እንምጣ። ተማሪዎች ብዕራችሁን ብታወጡ ደስ ይለኛል።

ለእያንዳንዱ ማጣፈጫ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሁሉ በየቀኑ ቢወስደው ጉዳት አያደርስም ተብሎ የተቀመጠ መጠን አለ። የሚገኘውም እንዲህ ነው፤ በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛው መጠን ተወስዶ ብዙውን ጊዜ ለ100 ይካፈላል። ለአስፓርቴም ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ያስቀመጠው በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። ለስቴቪያ ደግሞ በስቴቪዮል ተሰልቶ 4 ሚሊ ግራም ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ሊገባ የሚፈቀደው የአስፓርቴም ጣሪያ 600 ሚሊ ግራም፣ የስቴቪያ ደግሞ በስቴቪዮል 80 ሚሊ ግራም ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከጣሪያው በታች ይጠቀማሉ፤ እኛ ግን ከጣሪያው ጋር እንሥራ።

60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በአስፓርቴም 2400 ሚሊ ግራም ይፈቀድለታል፤ ይህም 4 ሊትር መጠጥ ነው። በስቴቪያ 240 ሚሊ ግራም ይፈቀድለታል፤ ይህም 3 ሊትር ነው። አዋቂ ሰው በዚህ መጠን በየቀኑ ሊጠጣ ቀላል አይደለም። አሁን 15 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን እናስብ። በአስፓርቴም 600 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1 ሊትር ይደርሳታል። በስቴቪያ 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል፤ ሁለት ጠርሙስ ተኩል መሆኑ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በእነዚህ ጣሪያዎች ሲሰላ ቀድሞ ወሰኑ ላይ የሚደርሰው ተፈጥሯዊ የሚባለው ነው። ይህ ማለት ስቴቪያ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙን አይተን የምንሰጠው ፍርድ ቁጥሩ ከሚሰጠው እንደሚለይ ግን ያሳያል። ሁለተኛና ይበልጥ ከባዱ፣ ለአዋቂው በ4 ሊትር ርቀት ላይ ያለው ወሰን ለሕፃኗ በበዓል ቀን ሊደረስበት የሚችል ነው። ስለዚህ «ማን ነው የሚጠጣው?» የሚለው ጥያቄ «ምንድን ነው?» ከሚለው አይተናነስም።

ጠጪው ማን ነው?

በዚህ ረገድ ለይተን ልናያቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ብርቅ ሕመም ያለበት ልጅ ፊኒልአላኒንን መፍጨት ስለማይችል አስፓርቴም ያለበትን መጠጥ ሊጠጣ አይገባም። በብዙ አገሮች ጣሳዎች ላይ «የፊኒልአላኒን ምንጭ ይዟል» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ለስኳር ሕሙማን ደግሞ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ማጣፈጫዎቹ የደም ስኳርን እንደ ስኳር ስለማያሳድጉ ጣፋጭ ለሚናፍቅ ሕመምተኛ እፎይታ ይሰጣሉ። ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ላብ ሲያጠምቀውና ሲንቀጠቀጥ፣ ቤተሰብ ሮጦ ለስላሳ መጠጥ ያቀርባል። ያ መጠጥ «ዜሮ» ከሆነ ምንም አይረዳውም፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው። የሁለቱ መጠጦች ቀለምና አርማ ተመሳሳይ ሲሆን፣ በመለያው ላይ ያለች አንዲት ቃል የሕይወት ጉዳይ ትሆናለች።

ሙቀትም ከጠጪው ጋር የሚያያዝ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር በላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆላ ይገባል። አስፓርቴም ሙቀትና ረጅም ጊዜ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጠጡም ጣፋጭነቱን ይቀንሳል። አምራቾች አስፓርቴምን ሙቀት ከሚችለው ከአሲሰልፌም ጋር የሚቀላቅሉት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ስለሚያጎላሉም ከእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መጠን ያንሳል። ፀሐይ ላይ በተደረደረ ሳጥን ውስጥ ያለው መጠጥ በደጋ ሱቅ ካለው ጋር በጣዕም አንድ ላይሆን ይችላል።

በምን ምትክ ነው የገባው?

አራተኛው ጥያቄ ለእኛ አገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 2015 ዓ.ም. ላይ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ከስኳር ውጭ ያሉ ማጣፈጫዎችን ክብደትን ለመቆጣጠር መጠቀም አይመከርም አለ። ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። ከዝርዝሩ ውስጥ አስፓርቴም፣ ሳካሪን፣ ሱክራሎዝ አሉ፤ ስቴቪያም አለች። ድርጅቱ ተፈጥሯዊውን ከሰው ሠራሹ አልለየም።

ለመመሪያው መሠረት የሆነው ግምገማ ያገኘው ይህን ነው። በአጭር ጊዜ ሙከራዎች ማጣፈጫ የተጠቀሙ ሰዎች ክብደታቸው በአማካይ ወደ 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ቀንሷል፤ ጥቅሙ የታየው ግን በዋናነት በስኳር ምትክ ሲገባ ነው። ብዙ ሰዎችን ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች ደግሞ ማጣፈጫን በብዛት የሚጠቀሙ ሰዎች ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ታይተዋል። ምናልባት ቀድሞውንም ክብደት የጨመሩ ሰዎች ስለሆኑ ማጣፈጫውን የመረጡት፣ የኋለኛውን ግኝት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የመጀመሪያው ግን ግልጽ ነው፤ የማጣፈጫ ጥቅም ከሚያስወጣው ስኳር የሚመነጭ ነው።

ይህን ወደ ሰሜን ሸዋ ብናመጣው ምን ይሆናል? በቀን ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ ነጋዴ ወደ «ዜሮ» ቢዞር ከ60 ግራም በላይ ስኳር ከሰውነቱ ያወጣል፤ ያተርፋል። ከምንጭ ውኃና ከጠላ በቀር የማያውቅ የገጠር ወጣት «ጤናማ ነው» ተብሎ በማስታወቂያ ቢጀምረው ግን የሚያስወጣው ስኳር የለም። የሚጨምረው ወጪና የጣፋጭ ልማድ ነው፤ በላዩም የጥርስን ገለፈት የሚበላው አሲድ ይመጣበታል። ፎስፎሪክ ወይም ሲትሪክ አሲዱ ስኳሩ ሲወጣ አብሮ አይወጣምና።

ከዚህ ሌላ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል በቤታችን ውስጥ የሚያስከትለው ስሕተት አለ። አንኮበር ያሉ፣ እትዬ ብዬ የምጠራቸው አንዲት ዘመዴ የስኳር ሕመም አለባቸው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ስንጨዋወት፣ «ለስላሳውንማ ሐኪሙ ከከለከለኝ ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ ብርዝ ግን የማር ነው ልጄ፣ ማር ደግሞ መድኃኒት ነው» አሉኝ። በአንድ ብርጭቆ ምን ያህል ማር እንደሚጨምሩ ጠየቅኋቸው፤ በሾርባ ማንኪያ ሁለት ነው አሉ። ሁለት ማንኪያ ማር ወደ 40 ግራም ይመዝናል፤ ከማር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። ስለዚህ በብርጭቋቸው ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ከተዉት ጠርሙስ ጋር እኩል ነው። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲህ እሷም ያችው ናት በለኛ!» አሉ።

እትዬ ሐኪማቸውን የታዘዙ ሰው ናቸው። ያሳታቸው ቸልተኝነት ሳይሆን ቃል ነው። በገብስ ቀሪቦ፣ በፍራፍሬ ጭማቂና አልኮል በሌላቸው የብቅል መጠጦችም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ገብሱ ከማሳችን ነው፣ ፍሬው ከዛፍ ነው፤ ነገር ግን በቀሪቦው ውስጥ ስኳር ይጨመራል፤ ከጭማቂው ውስጥም የሚጠጣው የፍሬው ስኳር እንጂ ቃጫው አይደለም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው መለያን ይመለከታል። ተመልሶ የሚሞላው የመስታወት ጠርሙስ ጽሑፍ የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ቆርኪው ደግሞ ይበልጥ ጠባብ። ሆኖም ሦስት ነገሮች በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች በግልጽ ሊነበቡ ይገባል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ስኳር በግራም፣ የማጣፈጫው ስም፣ እና የማጣፈጫው መጠን በሚሊ ግራም። መጠኑ ካልተጻፈ ቀደም ሲል ያሰላነውን ስሌት እናት ለልጇ ልትሠራው አትችልም። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ግን ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ ሊወስድ አይገባም።

ሁለተኛው ግብርን ይመለከታል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦችንና ስኳርን በታክሱ ውስጥ አካትቷል። ታክሱ የተሰላው ግን በመጠጡ ዋጋ ላይ እንጂ በያዘው የስኳር ግራም ላይ አይደለም። ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 በስኳሩ መጠን ላይ የተመሠረተ ክፍያ ጀምረዋል፤ በደቡብ አፍሪካ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4 ግራም በላይ የሆነው እያንዳንዱ ግራም ይከፈልበታል። አምራቾችም ስኳሩን ቀንሰዋል። ይህ መልካም ነው፤ እኛም አንድ ቀን ልንከተለው እንችላለን። ነገር ግን ስኳር ሲቀንስ በብዙ መጠጦች ውስጥ ቦታውን የሚይዘው ማጣፈጫ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ መለያው፣ ቀጥሎ ግብሩ። አለበለዚያ ሕዝቡ በስኳር ፈንታ ምን እንደሚጠጣ ሳያውቅ ይለወጥበታል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። በዚህ መስክ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው የተካሄዱት ከልጅነታቸው ጀምሮ ብዙ ስኳር ሲጠጡ በኖሩ ሕዝቦች ላይ ነው። ጣፋጭ መጠጥ ገና በመግባት ላይ ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ «ዜሮ» የሚተካው ምንን ነው? ለስላሳን? ሻይን? ውኃን? ይህን ለመጠየቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መጠይቅ፣ መዝገብና ታማኝነት ይበቃል። ከደጋው እስከ ቆላው ሁለቱንም ዓለም በአንድ ዞን ውስጥ ይዘን፣ ጥያቄው ሌላ ሰው እስኪጠይቅልን መጠበቅ የለብንም።

ተማሪዎቼ ወደሚያነሱት ጥያቄ ስመለስ መልሴ ይህ ነው። ብዙ ለስላሳ የሚጠጣና ሊተወው ያልቻለ አዋቂ፣ ማጣፈጫው ከቅጠል ይምጣ ከቤተ ሙከራ፣ በተፈቀደው መጠን እስከሆነ ድረስ ከስኳሩ የተሻለ ድልድይ ነው። ድልድይ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ለሕፃናት ሁለቱም አያስፈልጉም። ለውኃ ጠጪው ደግሞ ሁለቱም ትርፍ አያመጡለትም፤ የያዘው ይበልጣል።